ማስተር ከተቀየረላት ወዲህ ቮልሴ ስትሞቅ ፍሬን ይዛ አልለቅም አለች፣ ስቶፕ መብራቷም አልጠፋ አለ

የፋሲል_ጎረቤት (ጎንደር)

ሰላም የቮልስ ቤተሰቦች እንዴት ናችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል ግን በሞቴ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ጊዜ የለኝም፣ ጥር 17 የታላቅ እህቴ ሰርግ ነው፣ ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣው ደሞ በዚችው መኪና ነው ተብሎ ተወስኗል። አባታችን በሕይወት እያለ የተናገረው ነገር ስለሆነ ሌላ መኪና እንከራይ ብሎ እናቴ ፊት የሚቆም ሰው የለም።

መኪናዋ 72 ሞዴል ቮልስ 1300 ናት፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ አራቱም ጎማ ታምቡር ነው (ሸራው ከውስጥ ሆኖ እየገፋ የሚይዘው ከበሮ)። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሦስት ዓመት ያህል ቆርቆሮ ስር ቆማ ነበር። አሁን ስንቀሰቅሳት ሞተሯ ምንም አላለም፣ ፍሬኑ ግን እግሬን ፔዳል ላይ አድርጌ ስቆይ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል። ከፔዳሉ ስር ደሞ ምንጣፉ ርሶ አገኘሁት፣ ውሃ መስሎኝ ሳነሳው ስሩ ያለው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ በእጄ መጣ። ለካ ፍሬን ዘይት ነው። ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ) አልቋል ተባለ።

የአጎቴ ልጅ ከሶማሌ ተራ አዲስ ማስተር ገዝቶ ላከልኝ፣ ባለ ሁለት መስመር፣ ጎኑ ላይ 19.05 ይላል፣ አሮጌውም እንደዛው ነው። ሰፈራችን ያለ መካኒክ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ገጠመው፣ አየሩንም አወጣን፣ እኔ ፔዳል ረጋጭ ሆኜ "ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ" ሲለኝ ዋልኩ። ሲያልቅ ፔዳሉ ከላይ ጀምሮ ድንጋይ፣ እንደ አዲስ መኪና። ደስ ብሎኝ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ላንሸራሽራት ወጣሁ።

ማራኪን እንዳለፍኩ ከበደችኝ። ቁልቁለት ላይ ነኝ፣ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ መንከባለል ሲገባት ቁጭ ትላለች፣ ሦስተኛ ማርሽ አልጎትት አለ፣ ከዛ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ታውቁት የለ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ደርሶ "ወንድሜ ስቶፕህ በርቶ ቀርቷል" ብሎኝ አለፈ። እየተንፏቀቅኩ አዘዞ መግቢያ ጋ ዳር ይዤ ፎሌ አድርጌ (ማርሽ አውጥቼ) ብገፋት አትነቃነቅም። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አርባ ደቂቃ ያህል ስጠብቅ በራሷ ለቀቀች! ስመለስ ያው፣ እንደውም ቶሎ ያዘች። በማግስቱም እንደዛው። ቀዝቃዛ ሆና ምንም የላትም፣ ስትሞቅ ትይዛለች።

ምንድነው ትላላችሁ? የስቶፕ መብራቱ ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል፣ መካኒኩ ሽቦ ሳይነካካ አልቀረም፣ እሱን ለኤሌክትሪሺያን እወስደዋለሁ፣ እናንተ ፍሬኑን ብቻ ንገሩኝ።

ቻቬ_13 (አዘዞ)

ሃሃሃ እኛ በር ላይ ነዋ የቆምከው፣ ብትጠራኝ ኮ እወጣ ነበር። እሽ መጀመሪያ ቀላሉን እንይ፣ እጅ ፍሬኑ ለቋል? ሦስት ዓመት የቆመች መኪና ላይ ገመዱ ዝጎ ከኋላ ይዞ ይቀራል፣ የተለመደ ነው። ደሞ የሚግለው የትኛው ጎማ ነው፣ የኋላዎቹ ብቻ ናቸው ወይስ አራቱም? እሱን ሳትነግረን ማስተር ምናምን አንልም።

የፋሲል_ጎረቤት

አራቱም። የእጄን ጀርባ ጠጋ ሳደርግ የፊቶቹ ይብሳሉ፣ ውሃ ጠብ ባደርግበት ጭስስ አለ። እጅ ፍሬኑ ተለቋል፣ ከስር ገብቼ ገመዱን በእጄ ነክቼዋለሁ ላላ ብሏል።

ሸገር_ቮልስ (አዲስ አበባ)

ብሮ ኮፒ ነው የሸጡልህ፣ አትድከም። ጀርመን አገር የመጨረሻዋ ቮልስ የወጣችው፣ ጣሪያዋ የሚታጠፈውን ሳትቆጥር፣ በ1978 ነው፣ ሜክሲኮ ደሞ በ2003 ዘጋች። ስለዚህ አሁን "ኦሪጅናል ነው" እያሉ የሚያወጡልህ ዕቃ ወይ መደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት ከርሞ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው የውስጥ ጎማ) የደረቀ ነው፣ ወይ ትናንት የተሰራ ኮፒ ነው። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ማስተር ቀይሬያለሁ። አውጥተህ መልስላቸውና ሌላ ያምጡልህ፣ በቃ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ፎሌ_በቁልቁለት

ሰርግ ደርሶብሃል ምን ታስጨንቀዋለህ። ቻቬ 7 (መፍቻ) ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ስትይዝብህ ወረድ ብለህ ጎማው ጋ ያለችውን አየር ማውጫ ከፈት አርገህ ዘይት ጠብ ስታደርግ ወዲያው ትለቃለች፣ መልሰህ ትዘጋለህ። ሰርጉን ጨርስና ከዛ በኋላ አሳምረህ ታሰራለህ። እኔ ሊማሊሞን ሳይቀር እንደዛ እያልኩ ወርጃለሁ፣ ይኸው አለሁ።

አያ_ክሪክ (ጎንደር)

ቆዩ እስቲ ልጆች።

የፋሲል ጎረቤት፣ "ስቶፕ መብራቱ ሌላ ጉዳይ ነው" ያልካት ነገር ናት መልሱ። ለኤሌክትሪሺያን ብር አታውጣ።

የብዙ መኪና ስቶፕ ስዊች ፔዳሉ ጋ ነው ያለው፣ እግርህን ስታነሳ ይጠፋል። የቮልስ ግን ማስተሩ ራሱ ላይ ተጠምዝዞ የገባ ነው፣ የሚያበራው የዘይቱ ግፊት እንጂ እግርህ አይደለም። ስለዚህ እግርህን አንስተህ መብራቱ በርቶ ከቀረ መስመሩ ውስጥ ግፊት ታስሮ ቀርቷል ማለት ነው። ባጃጁ ነግሮህ ነበር አንተ አልሰማኸውም እንጂ። ይልቅ ደግሞ ግፊቱ የታሰረው ከማስተሩ ጀምሮ ነው፣ ጎማ ጋ ብቻ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ስዊቹ ከምን ያውቀዋል?

አሁን ማስተሩ ውስጥ ያለውን ልንገርህ። የዘይት ዕቃው ከላይ ነው፣ ፊት ኮፋኖ ስር ስኮርታው ጀርባ። ከሱ ዘይቱ በቱቦ ወርዶ ወደ ማስተሩ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ከነሱ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል አለች፣ ለየመስመሩ አንዳንድ። ፔዳል ሳይረገጥ ፒስተኑ ወደ ኋላ ጥግ ድረስ ሲመለስ የጎሚኒው ከንፈር ያችን ቀዳዳ ለጥቂት ያልፋትና ክፍት ይተዋታል። ስትረግጥ ይዘጋትና ግፊት ይጀምራል፣ ስትለቅ መልሶ ይከፍታታል። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል፣ ያበጠው በዛች ቀዳዳ ሽቅብ ወደ ዕቃው ይመለሳል። ተዘግታ ከጠበቀችው ግን መሄጃ የለውም፣ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ታምቡሩን ያሻል፣ ይግላል፣ ዘይቱ የበለጠ ያብጣል፣ የበለጠ ይገፋል፣ እንዲህ እያለ መኪናዋ ራሷን በራሷ ታስራለች። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይሰበሰብና ትለቅሃለች። ሻይህን የጠጣህባት አርባ ደቂቃ እሷ ናት።

ታዲያ ቀዳዳዋን ምን ዘጋት? አዲስ ማስተር በተገጠመ ማግስት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፔዳሉ ማስተሩን የሚገፋባት ዘንግ ላይ ነው። እግር ሳያርፍበት ጫፏ ከፒስተኑ 1 ሚሊ ያህል ርቃ መቆም አለባት። ፔዳሉ ላይ ስትለካው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ባዶ ጉዞ ይሆናል፣ የእርሳስ ውፍረት በለው። አንተ "ከላይ ጀምሮ ድንጋይ" ብለህ የተደሰትክበት ፔዳል እኔን አላስደሰተኝም። እስቲ አስታውስ፣ መካኒኩ አየሩን ካወጣችሁ በኋላ ፔዳሉ ስር ገብቶ የነካካው ነገር አለ?

አንተ ፎሌ የምትባለው፣ ሊማሊሞን እያንጠባጠብኩ ወረድኩ ስትል ሰው ይሰማሃል። ያንን ሁሉ መታጠፊያ በፍል ታምቡር ላይ የፈሰሰ ዘይት ይዞ መውረድ ጀግንነት አይደለም፣ ገደሉ ስር ያሉትን ቆርቆሮዎች ሂድና ጠይቃቸው። በሙሽራ አትቀልድ።

የፋሲል_ጎረቤት

ኧግ! አለ እንጂ ጋሼ፣ እንዴት አወቁት። አየሩን አውጥተን ስንጨርስ ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ብዙ ባዶ ይሄድና ከዛ ነው የሚይዘው፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ግን ከፍ ይላል። እኔ ነኝ "ይሄማ ልክ አይደለም ላላ ይላል" ብዬ የነዘነዝኩት። "ቆይ አስተካክልልሃለሁ" ብሎ በደረቱ ተኝቶ ፔዳሉ ስር ገባና በቻቬ የሆነ ነገር ሲያዞር ቆየ፣ ሲወጣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። እኔማ ሻይ ብዬ ጨምሬ ነው የከፈልኩት።

አያ_ክሪክ

በል እንግዲህ ሁለት ጥፋት ነው ያለህ፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖታል።

ሁለቴ ሲረገጥ ከፍ የሚል ፔዳል አየር የቀረበት ሊሆን ይችላል፣ ግን አየር ከሆነ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይላል። ከፍ ብሎ ሲይዝ ጠንከር የሚል ከሆነ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ሦስት ዓመት የቆመች መኪና፣ ማን ሸራ አጠበቀላት? ቮልስ ላይ በየጎማው ሁለት ሁለት ጥርስ ያላቸው ማጥበቂያዎች አሉ፣ ስምንት መሆናቸው ነው፣ በራሳቸው አይጠብቁም፣ ሰው በካቻቢቴ ያጠብቃቸዋል። መካኒኩ እነሱን ትቶ ክፍተቱን በዘንጓ በላው። ዘንጓን ሲያስረዝም ፒስተኑን ከቦታው ገፍቶ ቀዳዳዋ ላይ አስቀመጠው። ፔዳሉ አማረ፣ ፍሬኑ ታሰረ።

ደግሞ ልብ በል፣ የዘንጓ ርዝመት ከፋብሪካ ተለክቶ ነው የሚመጣው፣ መነካት አልነበረባትም። ባዶ ጉዞውን ማስተካከል ሲፈለግ ከፔዳሎቹ ስር የማቆሚያ ላሜራ አለች፣ ብሎኗን ላላ አድርገህ ወደፊት ወደኋላ ታንሸራትታታለህ፣ በቃ።

ሸገር_ቮልስ

ይቅርታ ጋሼ ግን 1 ሚሊ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣል? እኔ ሦስቱንም ስቀይር ዘንግ የሚባል ነገር የለካ ሰው አላየሁም።

አያ_ክሪክ

ሦስት የቀየርከው ለዛ ይሆናላ።

ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ናት አልኩህ ልጄ፣ የጎሚኒው ከንፈር ለጥቂት ነው የሚያልፋት። 1 ሚሊ እዛ ውስጥ አገር ነው። እኔ በጃንሆይ ጊዜ እዚሁ ፒያሳ ዕቃ አቀባይ ሆኜ ስጀምር ያስተማረኝ ሰው ማስተር ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ፔዳሉን በሁለት ጣቱ ብቻ ነበር የሚነካው፣ በእግሩ አይደለም፣ ባዶውን ጉዞ በጣቱ እስኪያገኘው ድረስ መኪና አያስወጣም። ኮፒም ይኑር ኦሪጅናል ይህቺ አትቀርም። እሽ ኮፒ መጥፎ ሊሆን ይችላል አልክድህም፣ ግን አንድ ዕቃ ሌባ ከመባሉ በፊት ይመርመር።

ቤቲ_ቁስቋም (ጎንደር)

አያ ክሪክ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ የተቃጠልኩበት ስለሆነ። የኔዋ 69 ሞዴል ናት፣ እሷም ትይዝ ነበር ግን የፊት ቀኙን ብቻ፣ ስቶፕ መብራት አይበራም። ማስተር ቀየርኩ፣ ያው። ታምቡር አስቆረጥኩ፣ ያው። በመጨረሻ ጎማው ጋ የምትሄደው የጎማ ቱቦ ፍሌክሲብሏ ሆና ተገኘች፣ ከውጭ ስታያት ሰንጥቅ የላትም ጥቁር ቆንጆ ናት፣ ስንሰነጥቃት ግን ውስጧ አብጦ ቀዳዳው የፀጉር ያህል ቀርቷል። ስትረግጥ በኃይል ስለሆነ ዘይቱ ያልፋል፣ ስትለቅ መመለሻ ጉልበት የለውም እዛው ይቀራል። ቮልስ አራት ፍሌክሲብል አላት።

ስለዚህ ዝም ብለህ ዘንጓን ከመንካትህ በፊት መኪናዋ ይዛ እያለች ፈትሽ። እንደያዘች ክሪክ ግባላትና መጀመሪያ ማስተሩ ጋ ያለችውን የቧንቧ ዳዶ ላላ አርጋት፣ ቻቬ 11 ናት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ ማስተሩና ዘንጓ ጋ ነው። እሷን አላልተህ ጎማው እንደያዘ ከቀረ፣ ጎማው ጋ ያለችውን አየር ማውጫ ስትከፍት ግን ከለቀቀ፣ ፍሌክሲብሏ ናት። መነጽር አድርግ፣ ዘይቱ ዓይን ላይ መጥፎ ነው፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰም ወዲያው ብዙ ውሃ ድፋበት፣ ሙሽራዋን የሚጭን መከላከያ እንዳታበላሽ።

ቻቬ_13

ቤቲ ጨረሽው። የፋሲል ጎረቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጣሁልህ፣ ክሪክና ሁለት ማቆሚያ እኔ ይዣለሁ፣ አንተ ፍሬን ዘይት ግዛ፣ ያልተከፈተ ይሁን፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል። የተከፈተ ጣሳ አትቀበል ከአየር ላይ እርጥበት እየጠጣ ነው የሚከርመው፣ ደረቁ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ ውሃ የጠጣው ግን 140 ላይ መፍላት ሊጀምር ይችላል፣ የታምቡሮችህ ግለት ደሞ የምትነግረን ነው። ዶት 5 ከሰጡህ አትውሰድ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ፎሌ_በቁልቁለት

ሲቸግር የሃይድሮሊክ ዘይትም ይሰራል እኮ፣ ግሬደር ላይ የሚገባው።

አያ_ክሪክ

አንተ ልጅ ምን አድርገንህ ነው? የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ጎሚኒውን እንደ ሊጥ ነው የሚያስነሳው፣ ያበጠው ጎሚኒ ደግሞ ያችኑ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ዞረን እዛው። ጎሚኒ በቤንዚንም አይታጠብም። እኛ ፍሬን ዘይት በጠፋበት ዘመን እንኳ ጉሎ ዘይት ከአልኮል ጋር ነበር የምንቀላቅለው፣ የጥንቱ ፍሬን ዘይት ራሱ እንደዛ ስለነበር። የሞተር ዘይት፣ የግሬደር ዘይት፣ በጭራሽ። አሁን ሱቅ ሞልቶ ያንን አታድርጉ፣ ለወሬ ያህል ነው።

የፋሲል_ጎረቤት

ቅዳሜ ማታ፣ እጄ ገና አልጠራም።

እሽ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቻቬ_13 መጣ (አገር ነህ ወንድሜ)። ሆን ብለን እስክትይዝ ሁለት ዙር ነዳኋት፣ እንደያዘች ግቢ አስገብተን የፊት ግራውን አነሳን፣ ጎማው በሁለት እጅ አይዞርም፣ ስቶፕ መብራቱ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ጎማውን ስናወልቅ ማስተሩ እዛው ከኋላው ነው፣ ከስር መሬት ላይ አሮጌ ትሪ አስቀመጥን። ቻቬ_13 የቧንቧዋን ዳዶ ሩብ ዙር እንኳ ሳያዞራት ዘይቱ ፊጭ ብሎ ክንዱ ላይ አረፈ፣ ልክ በዛው ቅጽበት ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ሆኖ "ጠፋ! ጠፋ!" እያለ ጮኸ፣ መብራቱን ነው። ታምቡሩ ብቻውን ዞረ። ቆመን ተያየን፣ ባጃጁን ፈልጌ ሻይ ልጋብዘው ነው የማስበው።

ከዛ ፔዳሉ ስር ገባሁ። ዘንጓ ላይ ጥርሱ ያስታውቃል ጋሼ፣ አብዛኛው ጥቁር አፈር የያዘ ቅባት ነው፣ መካኒኩ ያዞረባት ቦታ ላይ ግን ብርማ ሆኖ ብልጭ ይላል፣ ወደ አራት ጥርስ ያህል። ቆልፏት የነበረውን ዳዶ አላልቼ ብልጭታው እስኪደበቅ ድረስ መለስኳት። ከዛ ፔዳሉን እርስዎ እንዳሉት በጣቴ ነካሁት፣ መጀመሪያ ትንሽ በባዶ ሄደ፣ ከዛ እንደ ግድግዳ ያለ ነገር ነካ። ያቺን ንክኪ ሳገኛት ደስ ስትል! በማስመሪያ ስለካው 9 ሚሊ ሆነ፣ ላሜራዋን ትንሽ ገፋ አድርገን 6 ላይ አቆምነው።

ሸራዎቹን ማጥበቅ ነው ቀኑን የጨረሰው። ሦስቱ ማጥበቂያዎች ዝገው አልዞር ብለው ዘይት ጠብ እያደረግን መዶሻ አስነካናቸው። ታምቡሩ እስኪቆም አጥብቀን ሦስት አራት ጥርስ መለስ፣ እንደገና ሌላው። ቻቬ ሁለቱ በተቃራኒ እንደሚዞሩ ባይነግረኝ አንዱን እያጠበቅኩ ሌላውን ሳላላ እውል ነበር። ከዛ አየር፣ ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጀምረን፣ ከኋላ ቀኝ፣ ከኋላ ግራ፣ ከፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ ከፊት ግራ። ፔዳሉ አሁን ድንጋይ አይደለም፣ ትንሽ ባዶ ሄዶ ጥሩ ቦታ ላይ ይይዛል።

ሸገር ማስተሩ ሰላም ነው፣ ሻጮቹን በልባችን አምተናቸው ነበር።

ሸገር_ቮልስ

እሽ ተሸንፌያለሁ። ነገ የኔን ፔዳል በጣቴ ነው የምነካው፣ አልዋሽም ፈርቻለሁ ምን እንደማገኝ።

ቤቲ_ቁስቋም

እልልል! ግን ሸራዎቹን አውጥታችሁ አያችኋቸው? ያን ያህል የጋለ ሸራ ፊቱ እንደ ብርጭቆ ይለሰልስና አይዝም፣ በካርታ ቬትሮ ትንሽ ማሸት ነው። አሮጌ ሸራ ከሆነ ብናኙ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር እንዳትነፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የፊት ኩሽኔታዎቹንም ክፈቱ፣ ግራሶው ቀልጦ ወደ ሸራው ወርዶ ይሆናል።

የፋሲል_ጎረቤት

እሁድ። ቤቲ ልክ ነሽ፣ የፊቶቹ ሸራ ፊታቸው ያብለጨልጫል፣ አሸናቸው። የቀኙ ግራሶ ደህና ነው፣ የግራው ቀልጦ ጠርዙ ጋ ደርሶ ነበር ግን ሸራውን አልነካም፣ አጥበን አዲስ ሞላነው። ከዛ ፒያሳ አዘዞ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ። ስቶፕ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ወንድሜ በሞተር ከኋላ ሆኖ ሲጠብቅ ነበር። አዘዞ ወርጄ ታምቡሮቹን በእጄ ነካኋቸው፣ ሦስቱ ለብ ያሉ ናቸው። የፊት ግራው ግን ከነሱ ሞቅ ይላል፣ እጅ አያቃጥልም ግን ልዩነቱ ይታወቃል፣ በኃይል ስይዝም መሪው ትንሽ ወደ ግራ ይስባል። አሁን ምን ይሆን?

ቤቲ_ቁስቋም

አልኩህ እኮ፣ ፍሌክሲብል።

አያ_ክሪክ

ወይ እሱ ነው፣ ወይ በግራው ላይ ማጥበቂያዋን አንድ ጥርስ አብዝታችሁባታል። መጀመሪያ ነጻውን ሞክር፣ ጎማውን አንስተህ በእጅህ አዙረው፣ የሚያሽ ድምፅ ካለ አንድ ጥርስ መልስ። ካልሆነ ፍሌክሲብል ቀይር፣ ስትቀይር ደግሞ የፊቶቹን ሁለቱንም፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ሌላ መሳብ ይመጣብሃል። ይህ ሳያልቅ ሙሽራ እንዳትጭን፣ ለሰርጉ የቀረው ጊዜ ይበቃሃል።

የፋሲል_ጎረቤት

አንድ ጥርስ መለስኩ፣ ድምፁ ጠፋ፣ ሙቀቱ ግን ትንሽ ቀርቷል። ሁለት ፍሌክሲብል ከሸገር ዛሬ ማታ ይጫናል፣ ቻቬ ረቡዕ ይመጣልኛል። ጋሼ ጥሪ ካርዱን በማን በኩል ላድርስልዎት? እናቴ ደሞ ይኼን ሁሉ ስታይ ከርማ "እኔ ራሴ ተቀምጬ አዘዞ ደርሼ ካልተመለስኩ ልጄን አላስቀምጥባትም" ብላለች፣ ነጠላዋን ለብሳ ሐሙስ ጠዋት ይዣት እወርዳለሁ።